የቡችሎች ሁለት ወር፤ ከልደት እስከ አዲስ ቤት

(በማትናስ አዳራሽ ለወላጆችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)

 

«ስንት የሚነገር ጉዳይ ሞልቶ ሳለ ስለ ውሻ?» የሚል ሰው ከመካከላችሁ እንዳለ አውቃለሁ። ስለ ማሽካንታ፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆች ትምህርት በዚህ አዳራሽ ብዙ ተነግሯል፤ ወደፊትም ይነገራል። ነገር ግን ውሻ ወደ ዲራችን ገብቷል፤ ያስገቡትም ልጆቻችን ናቸው። ልጁ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቡችላ በጃኬቱ ሸፍኖ ይመጣል። ከዓመት በኋላ ያቺ ቡችላ አድጋ፣ ማንም ሳያስብበት አርግዛ፣ በረንዳ ላይ ስድስት ትወልዳለች። ያን ጊዜ ቤቱ ይጨነቃል፤ ቫዓድ ባይቱ ይቆጣል፤ ወር ሳይሞላም ስድስቱ ቡችሎች በካርቶን ተደርገው ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ይገኛሉ። እኔ በቬተሪናር ክሊኒክ በረዳትነት ስለምሠራ እንዲህ ያለውን ካርቶን ስንት ጊዜ ተቀብያለሁ። ከሁሉም ዓይነት ሰፈር ይመጣል፤ የእኛ ሰው ብቻ ነው የሚጥለው አላልኩም። ከእኛም ግን ይመጣል።

ውሻ ለእኛ አዲስ እንስሳ አይደለም። በደምቢያም ሆነ በወገራ፣ በሰሜንም ሆነ በትግራይ ውሻ የሌለበት ደጃፍ ጥቂት ነበር። ጅብን ከበረት፣ ዝንጀሮን ከአዝመራ፣ ሌባን ከደጅ የሚመልስ እርሱ ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ ትርፍራፊ በልቶ ደጁን ይጠብቃል እንጂ ከቤት አይገባም። ቡችሎችንም እናታቸው በጎተራ ሥር ወይም በአጥር ጥግ ወልዳ ራሷ ታሳድጋቸዋለች፤ ሰው አይነካካቸውም። ኃይለኛ እንዲሆን የተፈለገው ደግሞ ቀን ታስሮ ሌሊት ይለቀቃል። ይህ አሠራር ለዚያ ኑሮ ትክክል ነበር፤ የሚፈለገው እንግዳን የማያስጠጋ ውሻ ነበርና። እዚህ ግን ውሻው በአንድ ሕንፃ ከሃያ ቤተሰብ ጋር ማዓሊት ይጋራል። ሰው ሳይዳስሰው ያደገ ቡችላ እዚህ ሀገር የጎረቤትን ልጅ የሚነክስ ውሻ ይሆናል። አባቶቻችን ኃይለኛ ውሻ እንዴት እንደሚሠራ አሳምረው ያውቁ ነበር። ያንኑ እውቀት ገልብጠን፣ ከሰው ጋር የሚኖር ውሻ እንሥራበት ነው የምለው። ይህም የሚሠራው ቡችላው ከተወለደበት ቀን አንሥቶ እስከ ሁለት ወር ድረስ ነው፤ ማለትም እናንተ ቤት እያለ ነው እንጂ ወሳጁ ቤት ከገባ በኋላ ብቻ አይደለም።

የውሻ እርግዝና 63 ቀን ያህል ነው። ከመውለዷ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ሣጥን አዘጋጁላት። ተዘርግታ የምትተኛበት ስፋት ይኑረው፤ ግድግዳው እርሷ የምትሻገረው፣ ቡችሎቹ ግን የማይወጡት ይሁን። በውስጡ ዙሪያውን ጠባብ ጣውላ ብትመቱበት፣ እናቲቱ ወደ ግድግዳው ተጠግታ ስትተኛ ቡችላ አትጨፈልቅም። ከሥር ጋዜጣ፣ ከላይ የሚታጠብ ጨርቅ ይነጠፍ። ቦታው ሰው የማይመላለስበት ጸጥ ያለ ጥግ ይሁን፤ እርሷም አስቀድማ ትልመደው። አለዚያ የእናንተን ሣጥን ትታ ቁም ሣጥን ገብታ በሰንበት ልብሳችሁ ላይ ትወልዳለች።

ቀኑ ሲቃረብ ሙቀቷን በቴርሞሜትር ጠዋትና ማታ ለኩ። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው። ወደ 37 ሲወርድ ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ምጥ ይጀምራታል። መብል ትተዋለች፤ ጨርቁን ትቧጭራለች፤ ታለከልካለች። በዚያ ሰዓት አንድ ወይም ሁለት የምታውቃቸው ሰዎች አጠገቧ ይቆዩ፤ ሌላው ቤተሰብ፣ በተለይ ሕፃናት፣ ከክፍሉ ይውጡ። ሰንበት ከመግባቱ በፊት የተረኛ ቬተሪናር ስልክ ቁጥር በእጃችሁ መኖሩን አረጋግጡ። ውሻ ሰንበት ነው ብላ ምጧን አታቆይም።

ቡችላ የሚወጣው በስስ ከረጢት ተጠቅልሎ ነው። እናቲቱ ቀድዳ፣ እትብቱን በጥሳ፣ እየላሰች ታስተነፍሰዋለች። ይህን ካላደረገች እናንተ ፈጥናችሁ ከረጢቱን በአፍንጫው በኩል ቅደዱ፤ አፉንና አፍንጫውን ጥረጉ፤ በደረቅ ፎጣ እስኪጮኽ ድረስ እሹት። እትብቱን ከሆዱ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ በንጹሕ ክር እሰሩና ከክሩ ወዲያ ቁረጡ። ቡችላውን ይዞ ማወናጨፍ የሚባለውን የድሮ ዘዴ አታድርጉ፤ አንጎሉን ይጎዳል። የእንግዴ ልጁም ለእያንዳንዱ ቡችላ መውጣቱን ቁጠሩ። ግማሽ ሰዓት አጥብቃ አምጣ ምንም ካልወጣ፣ ገና ቡችላ በሆዷ እያለ ከሁለት ሰዓት በላይ ዝም ካለች፣ ወይም አንድም ሳትወልድ አረንጓዴ ፈሳሽ ከወጣት ወደ ቬተሪናር ደውሉ። ዕቃ ውስጥ ገብቶ እንደሚፈለግ ልጅ እጃችሁን ወደ ውስጥ አታስገቡ።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንምጣ። የሚሞቱት ቡችሎች አብዛኞቹ የሚሞቱት በዚህ ጊዜ ነው። ቡችላ ሲወለድ ዓይኑ የተጨፈነ፣ ጆሮው የተደፈነ ነው። ዓይኑ የሚገለጠው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ጆሮው ከዚያ ጥቂት ይዘገያል። መብረድ ሲጀምረው እንደ ትልቅ ውሻ ተንቀጥቅጦ ራሱን ማሞቅ አይችልም። ስለዚህ የሚገድለው ከረኃቡ ይልቅ ብርዱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቡችሎቹ የተኙበት ቦታ ሙቀት ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይቀንስ። ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ በአንድ ወገን ማስቀመጥ ይበቃል፤ ሌላው ወገን ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፣ የሞቀው ፈቀቅ ይል ዘንድ። ተቆላልፈው ጸጥ ብለው ከተኙ ደኅና ናቸው። ተቆላልፈው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ እየራቁ ከተበተኑ ሞቋቸዋል።

የመጀመሪያው ቀን ወተት እንገር ነው። ስለ እንገር በላም ለምታውቁ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ የበሽታ መከላከያው ያለው በእርሱ ውስጥ ነው፤ የቡችላውም አንጀት ያንን መቀበል የሚችለው በመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። ሁሉም ቡችሎች፣ ደካማውም ጭምር፣ በዚያ ቀን ጡት መያዛቸውን እዩ። ደካማውን ወተት ወደሚበዛበት ወደ ኋለኛው ጡት አስጠጉት። ከዚያ በየቀኑ በኩሽና ሚዛን መዝኗቸው፤ በየቁጥራቸውም ጻፉ። ከመሳሰላቸው የተነሣ ካልተለዩ ጥፍራቸው ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉ። ጤነኛ ቡችላ በሳምንት እስከ 10 ቀን ውስጥ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርሳል። አንድ ቀን ሙሉ ያልጨመረ ወይም የቀነሰ ቡችላ፣ መልኩ ደኅና ቢመስልም ታሟል ማለት ነው። ይህን ለልጆቻችሁ ስጧቸው። የአሥር ዓመት ልጅ ሚዛኑንና ደብተሩን ይዞ ከእናንተ የተሻለ ይሠራዋል።

እናቲቱ ብትሞት ወይም ወተት ቢያጥራት የላም ወተት አትስጡ። የውሻ ወተት ከላም ወተት ከእጥፍ በላይ ስብና ፕሮቲን አለው። ለቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ከቬተሪናር ዘንድና ከእንስሳት ምግብ መደብር ይገኛል። በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ይሰጣል። እናቶች፣ ይህን በተለይ ስሙኝ፤ ቡችላ እንደ ሕፃን በጀርባው ታቅፎ አይጠባም። በሆዱ ተኝቶ፣ ራሱን ቀና አድርጎ ነው የሚጠባው፤ አለዚያ ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል። የቀዘቀዘ ቡችላም አስቀድሞ ይሞቃል እንጂ አይመገብም፤ ብርድ የያዘው ሆድ ወተት አይፈጭም። ከጠባ በኋላ ደግሞ በለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ ከሆዱ በታች ዳብሱት፤ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ እናቱ ሳትልሰው በራሱ አይሸናም፣ አይጸዳምም።

ስለ ቁንጫና መዥገር የምለው አጭር ነው። ለትልቅ ውሻ የተሠራ መድኃኒት፣ የበረሮ መርጫ፣ ነጭ ጋዝ፣ ናፍጣ፣ አንዱም ቡችላ አይነካም። ብዙ ቁንጫ ደሙን መጥጦ ቡችላ እንደሚገድል እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ጥቅጥቅ ያለ ማበጠሪያ፣ በየቀኑ የሚታጠብ ምንጣፍና ለእናቲቱ ቬተሪናሩ የሚያዘው ነው። ወስፋትም አለ። ቡችላ ወስፋቱን ከእናቱ ሆድና ከወተቷ ይዞት ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሲሞላው መድኃኒት ይጀምራል፤ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ ይደገማል፤ እናቲቱም አብራ ትወስዳለች። ወስፋቱ ለሰው ልጅም ይተርፋል፤ አሸዋ ላይ ተጫውቶ እጁን ሳይታጠብ የሚበላ ሕፃን ዓይኑ እስኪጎዳ ሊያደርሰው ይችላል። ኩሱ በየዕለቱ ይጠረግ።

የምታጠባ ውሻ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ከወትሮው እጥፍ፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ ትበላለች። የቡችላ ምግብ የሚባለውን ደረቅ ምግብ ስጧት፤ ውሃ ከፊቷ አይጥፋ። የእኛ ቤት ትልቁ አደጋ ግን የሰንበት ትርፍ ነው። ወጣችን በሽንኩርት የተሠራ ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። በሀገር ቤት ምን ይበላ ነበር ለሚለኝ፣ በሀገር ቤት ወጡ ለውሻ እስኪተርፍ አይበዛም ነበር። እናቲቱ በማጥባት ላይ ሳለች እግሯ ቢደርቅ፣ ብትንቀጠቀጥ፣ ብትቅበዘበዝ፣ ካልሲየም ከደሟ አልቋል ማለት ነውና ነገ ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ክሊኒክ ትወሰድ። በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች፤ መርፌው ከተሰጣት ግን ፈጥና ትነሣለች።

ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው ነገሩ ይለወጣል። ያያሉ፣ ይሰማሉ፣ ጥርስ ያወጣሉ፣ ከሣጥናቸው ሊወጡ ይታገላሉ። ከዚህ ጊዜ አንሥቶ እስከ 12 ሳምንት ገደማ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ የዓለም ተራ ነገር አድርገው ይቀበላሉ፤ በዚያ ጊዜ ያላዩትን ግን ዕድሜ ልካቸውን ይፈሩታል። በ1961 ፍሪድማን፣ ኪንግና ኤሊዮት የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ በታተመ ጥናት ይህን አሳይተዋል። ቡችሎችን ከእናታቸው ጋር በሰፊ አጥር ውስጥ ያለ ሰው ንክኪ አሳደጓቸው። የተወሰኑትን በየተለያየ ዕድሜያቸው እያወጡ ለአንድ ሳምንት ከሰው ጋር አለማመዱ። እስከ 14 ሳምንት ያልተነኩት ግን እንደ ዱር አውሬ ሆኑ፤ ከዚያ በኋላ ቢደከምባቸውም ለሰው አልተመቹም። የጎተራ ሥር ቡችላችን ማለት ነው።

ብዙ ሰዎቻችን «የፈረንጅ ውሻ እኛን ለይቶ ይጮኽብናል» ይላሉ። እኔም ደርሶብኛል፤ አስከፊ ነገር ነው። ነገር ግን ውሻው ከቀለም ጋር ጠብ የለውም። በእነዚያ ሳምንታት ጥቁር ፊት፣ ነጠላ የለበሰች እናት፣ ዱላ የያዘ ሽማግሌ ባለማየቱ ነው። (የባለቤቱን ጉዳይ ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን።) ይህ በእኛ ቤት ለተወለደውም ቡችላ ይሠራል። እኛን ብቻ አይቶ ያደገ ቡችላ ነገ ጥቁር ባርኔጣ ባደረገው ጎረቤት፣ በሩሲያዊቷ አሮጊት፣ በወታደሩ ላይ ይጮኻል። ስለዚህ ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ሰው ጋብዙ። ጎረቤት ይምጣ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ መሬት ቁጭ ብሎ አንድ አንዱን ይያዝ። አያቶች ከዱላቸው ጋር ይምጡ። ባርኔጣ፣ መነጽር፣ ጃንጥላ ይዩ። የአቧራ መጥረጊያ ማሽኑ በሌላ ክፍል፣ ኋላም በቅርብ ይጩኽ። ሬዲዮ ይከፈት። አንድ አንድ ቡችላ ለብቻው ወደ ሌላ ክፍል ለጥቂት ደቂቃ ይወሰድ፤ ብቻውን መቆየትን ይለምዳል። የሚፈራውን አታስገድዱት፤ ራሱ እስኪጠጋ ቆዩት። ልጆችም ቡችላ የሚይዙት ተቀምጠው ነው፤ በአንገቱና በእግሩ አንጠልጥሎ መሮጥ የለም።

በዚሁ ጊዜ ጡት ማስጣል ይጀመራል። ደረቁን የቡችላ ምግብ በሙቅ ውሃ አላቁጡና በዝርግ ሳህን ስጡ። የመጀመሪያው ቀን በአፍንጫቸው ይበላሉ፣ በእግራቸው ይረግጡታል፤ ቀሪውን እናቲቱ ታጸዳዋለች። ቀስ በቀስ ውሃውን ቀንሱ። ሳህናቸውን ለየብቻ አድርጉ፤ ካልሆነ ትልቁ የታናሹን ይበላል። ከመኝታቸው ራቅ አድርጋችሁ ጋዜጣ አንጥፉ፤ ቡችላ በተፈጥሮው በተኛበት አይጸዳም፤ ጋዜጣው ላይ የለመደ ውጭ መውጣትንም ቶሎ ይለምዳል። ለዚህ ሥራ የማኅበራችን መጽሔት አሮጌ ቅጂ ቢውል አንቀየምም።

አሁን የሚያስቸግረው ጥያቄ ይመጣል። «አምስት ሳምንት ሆኗቸዋል፣ ይበላሉ፣ ለምን አንሰጣቸውም?» መብላታቸው አይበቃም። ቡችላ ጥርሱን መጠን የሚማረው ከወንድሞቹና ከእናቱ ነው። አጥብቆ ሲነክስ የተነከሰው ይጮኻል፣ ጨዋታው ይቆማል፤ እናቱም ታንጓጥጠዋለች። ይህን ትምህርት ሳይጨርስ በአምስት ሳምንት የተወሰደ ቡችላ የሕፃን እጅ ሲይዝ የጥርሱን ኃይል አያውቀውም። እስከ ስምንት ሳምንት ያቆዩት። ሦስት ሳምንት ጫጫታ መታገሥ ከባድ ነው፤ ግን ከመነከስ ይሻላል።

ሜሹሻ የሚባለው ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጀመራል፤ እስከ 16 ሳምንት ድረስ በየጥቂት ሳምንቱ ይደጋገማል። ያልተከተበ ቡችላ ውሾች በሚውሉበት ሣር ላይ አታውርዱት፤ ፓርቮ የሚባለው ተቅማጥ ከዚያ ይይዘውና በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። በክንድ ታቅፎ ግን መንገዱን፣ አውቶቡሱን፣ ሰዉን ማየት ይችላል፤ ማየትም አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ካሌቬት የሚሉት፣ ሦስት ወር ሲሞላው በሕግ ግዴታ ነው። በ2002 በወጣው የውሾች ቁጥጥር ሕግ መሠረት ሦስት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ ቺፕ ከቆዳው ሥር ገብቶለት፣ ሪሻዮን ወጥቶለት፣ ከቤት ሲወጣ በማሰሪያ መያዝ አለበት። ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሀገር ቤት በእብድ ውሻ የሞተ ሰው ያየ በመካከላችን አለ። በሽታው እዚህም አልጠፋም፤ በ2017 መጨረሻና በ2018 በሰሜን ሸለቆዎች በቀበሮዎች መካከል ተነሥቶ ነበር። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድና ለልሽካት ሃብሪዩት ማስታወቅ ግዴታ ነው፤ ውሻውም 10 ቀን ተለይቶ ይጠበቃል። «ጎረቤት ነው፣ እንታረቅ» ብሎ መደበቅ ሕይወት ያስከፍላል።

ለማን ይሰጥ? የመጀመሪያው ጠያቂ ሁሉ ወሳጅ አይደለም። ሊወስድ የመጣውን ሰው ተቀመጥ በሉት፤ ቡና አቅርቡለት፤ እየጠጣ ጠይቁት። ቤቱ የራሱ ነው ወይስ የኪራይ? የኪራይ ከሆነ አከራዩ ፈቅዷል? ቀን ቤት ውስጥ ማን ይውላል? ልጁ ጦር ሠራዊት ሲገባ ውሻውን ማን ያወጣዋል? የክትባቱንና የምግቡን ወጪ ይችላል? ከሁሉ በላይ በቤት ያሉት አያት ተስማምተዋል ወይ? ይህን የማነሣው ለሥርዓት አይደለም። አያት ሳይፈቅዱ የገባ ውሻ በወሩ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ ቤቱ የእርሳቸው ነው፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል ከውሻው ጋር የሚውሉትም እርሳቸው ናቸው። ለባር ሚጽቫ ድንገተኛ ስጦታ ይሆነኛል ለሚል አትስጡ። ለግንባታ ቦታ ዘበኛ አድርጌ በሰንሰለት አስረዋለሁ ለሚልም አትስጡ። እምቢ ማለት ነውር የሚመስለን ሕዝብ ነን፤ ዘመድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። «ቬተሪናሩ እንዲህ ብሏል» በሉና በእኛ አመካኙ፤ እኛ ለምደነዋል።

ሲወስድ የክትባቱን ደብተር፣ የወስፋት መድኃኒት የወሰደበትን ቀን፣ የለመደውን ምግብ ለጥቂት ቀን የሚበቃ፣ ከተኛበትም ጨርቅ ቁራጭ ስጡት። የእናቱና የወንድሞቹ ሽታ ያለበት ጨርቅ የመጀመሪያውን ሌሊት ያቀልለታል። ቺፕ ከገባለት የባለቤትነት ለውጡን ለከተማው ቬተሪናር አስታውቁ። ወሳጁንም እንዲህ በሉት፤ «ባይሆንልህ ወደ እኔ መልሰው እንጂ መንገድ ላይ አትጣለው።» እንስሳ መጣል በ1994 በወጣው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ወንጀል ነው። ቤት ያልተገኘለት ቡችላ ቢኖር ለሞቄድ 106 ደውላችሁ የከተማውን ቬተሪናር ወይም የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ጠይቁ። ካርቶኑን ግን ከቆሻሻው አጠገብ አታስቀምጡ።

ቡችሎቹ ሲሄዱ የእናቲቱን ምግብ ለጥቂት ቀን ቀንሱ፤ ወተቷ ይደርቃል። ጡቷ ከጠነከረና ከቀላ ግን አሳዩአት። ከዚያ ደግማ እንዳታረግዝ ስለ ማምከን ቬተሪናሩን አነጋግሩ። የመከነ ውሻ የሪሻዮን ክፍያው ያነሰ ነው። ኦሪት እንስሳን መስለብን ስለሚከለክል አባቶች ጥያቄ እንደሚያነሡ አውቃለሁ፤ የሴቷ ጉዳይ ከወንዱ የተለየ ፍርድ አለው፤ እኔ ቄስም ረቢም አይደለሁምና ቄሳችሁን ወይም ረቢያችሁን ጠይቃችሁ ወስኑ። ብቻ ውሳኔው አሁን ይሁን፤ ውሻ ብዙውን ጊዜ በየስድስት ወሩ ገደማ ትፈልጋለችና ጊዜው ሩቅ አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ። በመጀመሪያ ከኋላ እጃቸውን ካነሡት ልጆች እጀምራለሁ።